ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ፦ የቱሉ ዲምቱ ወላጆችና ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

የቡድኑ አስተዳዳሪ፦ ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩት ጎረቤታችን ዛሬ ማታ ጥያቄ ሊመልሱልን ፈቅደዋል። ያላችሁን ሁሉ ጠይቁ።

መላሹ፦ እንደምን አመሻችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። «ልጃችሁን ዩኒቨርሲቲ አስገባላችኋለሁ» ለሚል ደላላ አንድ ብር እንዳትሰጡ። አሁን ጠይቁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ቂሊንጦ ያለው አይደለም እንዴ?

መላሹ፦ አይደለም ልጄ። ሰፈራችን ሁሌ የሚያምታታው ይሄንን ነው። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመ ሌላ ተቋም ነው። እኔ የማወራው ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ግቢ አይደለም። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ፣ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ኢንጂነሪንጉ አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ቢሾፍቱ ነው። ፎርም ስትሞሉ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ራስ ገዝ ሆነ ሲባል ከእንግዲህ የደሃ ልጅ አይማርም ማለት ነው?

መላሹ፦ እህቴ፣ ራስ ገዝ የሆነው፣ ማለትም ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር የተደረገው፣ በ2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ዩኤቲ የሚባል የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። የክፍያውን ነገር ግን ከእኔም ከጎረቤትም አይስሙ። የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ይመልከቱ። ከደላላ ደግሞ ጭራሽ አይስሙ።

አንድ አባል፦ አሪፍ ዲፓርትመንት የቱ ነው?

መላሹ፦ ለማን? ምን ትወዳለህ? ውጤትህስ? ይሄን ሳትነግረኝ ምን ልመልስልህ?

ሌላ አባል፦ ከዚህ በየት በኩል ነው የሚኬደው?

መላሹ፦ ወደ የትኛው ግቢ? አሁን ነገርኳችሁ እኮ፣ አንድ ግቢ አይደለም። ብቻ የትም ሂድ፣ በጠዋት ተነሳ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ ድሮ ቤተ መንግሥት ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መላሹ፦ እሰይ! እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ይሄንን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።

ትምህርቱ የተጀመረው ስድስት ኪሎ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ። ያደራጁት ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። ስድስት ኪሎ ያኔ የንጉሡ ቤት ነው፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን ያገቷቸው እዚያ ነው። ነገሩ ሲከሽፍ ብዙዎቹን እዚያው ገደሏቸው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለትምህርት ሰጡት። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። የዛሬውን ስም ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ብራናው፣ የጥንቱ መጽሐፍ፣ የየብሔረሰቡ ዕቃ እዚያ ተሰብስቧል። ሙዚየሙ ያለው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነው። የንጉሡን መኝታ ቤት ታያላችሁ። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፣ ከዚያ ከታኅሣሡ ግርግር የቀረ። እሱን ቆሞ ያየ ልጅ 1953ን ለፈተና ብሎ መሸምደድ አያስፈልገውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? እዚያው ግቢ ተምሮ፣ ጋውን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ አንድም ቀን ሙዚየሙን ሳይረግጥ የሚወጣ ልጅ አለ። ደጁ ላይ እያለ!

የብሎኬ ጎረቤት፦ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለው፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ጠመዝማዛ ደረጃስ? ፋሺስት የሠራውን እስካሁን ለምን አላፈረሱትም?

የታሪክ አስተማሪ፦ ጣሊያን የሠራው ሁሉ ይፍረስ ካልን መንገዱም ድልድዩም ሊፈርስ ነው።

የብሎኬ ጎረቤት፦ መንገዱማ ሰው ይሄድበታል። ደረጃው ወዴት ያስኬዳል?

የታሪክ አስተማሪ፦ እንዲህ እያልን ነው ቅርስ የጨረስነው።

አስተዳዳሪ፦ ኧረ በናታችሁ ወደ ጥያቄው።

መላሹ፦ ተዋቸው፣ ይሄም ጥያቄ ነው። ደረጃው የትም አያስገባም፣ ልክ ነህ። የተሠራው ለጉራ ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. አንስተው ለየዓመቱ አንድ አንድ ደረጃ ቆጠሩ። ከነጻነት በኋላ ግን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠ። ጠላት የገዛበትን ዘመን እንዳለ ከሥሩ አደረገው። ደረጃውን ካፈረስከው አንበሳው ምን እንደረገጠ በምን ይታወቃል? እኔ አይነካ ነው የምለው።

የብሎኬ ጎረቤት፦ እንደሱ አስቤው አላውቅም። ግን አሁንም አልወደውም።

አዲስ አባል፦ ሰላም ጋሼ፣ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያውቃሉ? እንከፍላለን።

መላሹ፦ አላውቅም! ባውቅም አልነግርህም። ስንት ጊዜ ልናገር? ልጁ ለፈተናው ያንብብ። ገንዘቡን መጽሐፍ ግዛበት።

ያቺው የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ እኛ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሳንሆን ሙዚየሙ ያስገባናል?

መላሹ፦ ያስገባል ልጄ፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። መታወቂያ ያዙ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ቀን መከፈቱን ደውላችሁ አጣሩ። ከሰፈር አምስት ስድስት ልጅ ከተሰበሰበ እኔ ራሴ ይዣችሁ እሄዳለሁ። ስማችሁን ለአስተዳዳሪዋ ስጡ።