ልጅ ታቅፎ የሚሠራ ሥራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ 4 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 10 ወሯ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 6 ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሁለተኛዋን ስወልድ የሞግዚቷ ደመወዝና የታክሲው ሲደመር ከደመወዜ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ለቀቅሁ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ዳይፐር አለቀ ባልኩ ቁጥር ትንሽ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት የምትከብደኝ።

ኦንላይን ብር ይገኛል ሲሉ ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ ያንን ስክሪን በመንካት ሳንቲም የሚሰበሰብበትን የቴሌግራም ጨዋታ ክረምቱን ሙሉ ታፕ ሳደርግ ከረምኩ፤ ትርፌ የጣት ሕመም ነው። ከዚያ አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ቪዲዮ ላይክ ካደረግሽ ይከፈልሻል አሉኝ። የመጀመሪያ ቀን 120 ብር እውነትም ገባልኝ። በአምስተኛው ቀን 3,200 ብሬን ይዘው ጠፉ። ይህንን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። አሁን ደግሞ አንዲት ልጅ ቲክቶክ ላይ በ6,000 ብር ኮርስ እሰጣለሁ፣ በ30 ቀን ውስጥ በዶላር ይከፈላችኋል እያለች ነው። ከእናቴ ተበድሬ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ? ቤት ውስጥ የባለቤቴ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። አማርኛ በጣም ፈጥኜ እጽፋለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ አትበደሪ። ይህንን ቀድሜ የምለው መጽሔቱ እጅሽ እስኪገባ ተመዝግበሽ እንዳትጠብቂኝ ፈርቼ ነው።

ስለ 3,200 ብሩ ብዙ አልልሽም። የመጀመሪያዋ 120 ብር ማጥመጃ ናት። ከእሷ በኋላ ደረጃሽን አሳድጊ፣ ትንሽ አስገቢና እጥፍ ውሰጂ ይመጣል። ግሩፑ ውስጥ ደረሰኝ እየለጠፉ እልል የሚሉትም አብዛኞቹ የራሳቸው ሰዎች ናቸው። ያንቺ ሞኝነት አይደለም። የተማሩ፣ ባንክ የሚሠሩ ሰዎች ሲታለሉ አይቻለሁ። ግን ለባለቤትሽ ንገሪው። ዛሬ ማታ ካልሆነ ነገ። ቀጥሎ የምትጀምሪው ሥራ እውነተኛ ሲሆን ላፕቶፑን ደብቀሽ ልትሠሪው አትችይም።

የታፕ ጨዋታውን እኔም ሞክሬዋለሁ። በ2016 ክረምት ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ይቅር ይበለኝና ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስልኩን የማይቀጠቅጥ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት በወጣ ሌላ ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ደህና ብር ስላገኙ ሁላችንም ተከተልን። ይህንን ዘግተነዋል።

ኮርሱን በተመለከተ፣ ልጅቷን አላውቃትም፣ ስሟንም አላነሳም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፦ ከኮርሱ ሌላ ባለፈው ወር ከማን፣ ለምን ሥራ ተከፈላት? መልሱ ቪዲዮ ከሆነ ተይው። መማር ካማረሽ በዚያው በ2016 ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥልጠና በነጻ ነው። ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚፈልገው። የዳይፐሩን ነገር ግን በሚቀጥለው ወር አይፈታልሽም፤ ልጅሽ ከፍ ስትል ትደርሽበታለሽ።

አሁን ወደ ዋናው። ደብዳቤሽ ውስጥ ያየሁት ትልቁ ነገር የትንሿ 10 ወር መሆን ነው። እናቶች ሥራ ሲመርጡ ስንት ያስገኛል ብለው ይጀምራሉ። እኔ ልጅ አሳድጌ ያወቅሁት ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ይበላሻል ወይ የሚለው ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ አሜሪካ ላሉ የሐበሻ ልጆች በዙም ፊደል ማስተማር ጀመርኩ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ወላጆቹ አያታቸውን በስልክ ሰላም የሚል ልጅ ነው የሚፈልጉት፤ ከዚያ በላይ አይጠይቁም። 33ቱን ፊደል በ7 ቤት ከላይ እስከ ታች ላስተምር ብዬ ስጀምር ልጆቹ በሁለተኛው ሳምንት ካሜራቸውን አጠፉ። ከዚያ በየራሳቸው ስም ፊደላት መጀመር ለመድኩ። አንዱ የ7 ዓመት ልጅ ‹ጠ›ን ማለት አቅቶት ‹አያቴን ተራኋት› ሲለኝ የሳቅሁት ሳቅ እስከ ዛሬ አለ። ሌላዋ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ ብላ አፋጠጠችኝ። በግዕዝ ዘመን ድምፃቸው የተለያየ ነበር አልኳት። ‹ታዲያ አሁን ለምን አትጥሏቸውም?› አለችኝ።

ችግሩ ግን ሰዓቱ ነበር። ክፍሌ ቅዳሜ በዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 10 ነው። በበጋቸው ይህ ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ጥቅምት መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ የእኛ 12 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ይህንን አላውቅም። በ11 ሰዓት ጸጉሬን ተተኩሼ ካሜራ ፊት ተቀመጥኩ። ማንም የለም። 25 ደቂቃ ጠበቅሁ። ተናድጄ ልጄን አዝዬ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። በ12 ሰዓት አራት ወላጆች እየተፈራረቁ ደወሉ። አንዷን በዚያው አጣኋት። ሪያድ ካሉት ጋር እንኳን እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፤ ሰዓታችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው።

ሌላው ደግሞ ልጄ ነው። የማስተምረው ልጅ ‹በ፣ ቡ› ሲል የእኔው በሩን ይደበድባል። ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል፤ የእኔ ልጅ 40 ደቂቃ ተኝቶልኝ አያውቅም። ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ለዚያ ዕድሜ አይሆንም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼበታለሁ። ለአንቺም ለወደፊት ያዢው፤ የ6 ዓመት ጸሐፊ ፊደል ለማስተማር ትዕግሥት አላት ብዬ አስባለሁ።

ዩቲዩብ ጀምሪ የሚሉሽም ይኖራሉ። ከማስታወቂያው ገቢ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይጠበቅብሻል። ለጊዜው እለፊው።

ለአሁኑ የምልሽ ይህ ነው፦ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለጥናታቸው ሰው በአማርኛ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። ስልካቸው ላይ 10፣ 15 ቅጂ ይከማቻል። ራሳቸው መገልበጥ ያስጠላቸዋል፣ የመመረቂያ ቀኑም ይደርሳል። ሥራው ልጅሽ ስታለቅስ ቆም ይላል፣ ስትተኛ ካቆምሽበት ይቀጥላል። ማንም ካሜራ ላይ አይጠብቅሽም።

እንዲህ አድርጊ። ከሬዲዮ የ5 ደቂቃ ውይይት ቅረጪ። ላፕቶፑ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ድምፅና ቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቺው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል። ‹ጠያቂ›፣ ‹መላሽ› እያልሽ ገልብጪውና ስንት ደቂቃ እንደፈጀብሽ ጻፊ። እኔ ስጀምር የ1 ሰዓት ቅጂ 6 ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ወደ 4 ወርዷል። ያንቺ እጅ ከእኔ ይፈጥናል። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ሁለቱም እጆችሽ ነጻ የሆኑበትን ሰዓት ብቻ በወረቀት መዝግቢ። ‹ነጻ ነኝ ብዬ የማስበውን› አይደለም፣ የሆነውን። በቀን 2 ሰዓት ከወጣሽ ትልቅ ነገር ነው። መብራት የጠፋበትንም ቀንሺ። በዚህ ሂሳብ የ1 ሰዓት ቅጂ በስንት ቀን እንደምታስረክቢ ታውቂያለሽ። ለደንበኛ ስትናገሪ ሁለት ቀን ጨምሪበት፤ ልጅ ሳይታመም የሚያልፍ ወር የለም።

ዋጋውን በገጽ አትዋዋዪ። የፊደል መጠን እያሳደግሽ ነው አሳንሺ የሚል ክርክር ያመጣል። በተቀዳው ደቂቃ ይሁን። ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ግን ሁለት ደቂቃውን አዳምጪ። አንዴ ሳልሰማ ተስማምቼ ቅጂው ካፌ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። የማኪያቶ ማሽኑ በየደቂቃው ይጮኻል፣ መላሿ ሴትዮ ድምፃቸው የሚሰማው በማሽኑ መሐል ነው። የዚያን ጊዜ ድካም ለማንም አልመኝም። ‹እ...›፣ ‹ማለቴ› የሚሉትም ይጻፉ ወይ ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። አንዳንዱ መምህር ሁሉንም ይፈልጋል። ቀብድ ግማሹን ተቀበዪ፤ እንግዳ ሰው ከሆነ ይህንን አትለፊ። ሥራውን ከጨረስሽ በኋላ ቅጂዎቹን አጥፊ፤ የሰው ምስጢር ነው።

አንድ ነገር ቢሮ የለመድሽው ሊያስቸግርሽ ይችላል። የድሮ ጸሐፊዎች እጃችን ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ነው። በዚያ በድሮው ፎንት የጻፍሽውን ደንበኛሽ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ወይም በስልኩ ሲከፍተው ፊደሉ ሁሉ ዝባዝንኬ ይሆንበታል። በዩኒኮድ፣ ማለትም በየስልኩና በየኮምፒውተሩ በሚነበበው የፊደል አሠራር ጻፊ፤ ኒያላ ፎንት ዊንዶውስ ላይ የሚሆንልሽ ነው። ለኔ ይህንን የነገረኝ የተናደደ ደንበኛ ነው፣ 80 ገጽ ካስረከብኩ በኋላ።

ደንበኛ ከየት ይመጣል? ከውጭ አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚማር ዘመድ፣ የድሮ ባልደረባ፣ ማታ ማታ ማስተርሱን የሚማር ጎረቤት አታጪም። ኮንዶሚኒየሙ የቴሌግራም ግሩፕ ካለው አንድ ጊዜ ጻፊበት፤ በየቀኑ አይደለም፣ ሰው ይሰለቻል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የአንድ ሽማግሌ የሕይወት ታሪክ በእጅ ጽሑፍ፣ ይህም ሁሉ ይመጣል። ተቀበዪው። በእጅ ጽሑፍ ከሆነ በገጽ ብትዋዋዪ ይሻላል፤ ገጹ የእነሱ ነውና ክርክር የለም።

የዶላሩን ነገር አልረሳሁም። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። ስለዚህ ሰው ዶላር ዶላር ቢል አልፈርድበትም። እንደ አፕወርክ ያሉት የኢንተርኔት የሥራ ገበያዎች የውሸት አይደሉም። ነገር ግን ለአንድ ሥራ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል ነገር ያስወጡሻል፣ አንዱ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ለአንድ ማመልከቻም ብዙ ሊሄድ ይችላል። የሚገዛውም በዶላር ካርድ ነው። በእጅሽ አምስት፣ ስድስት የተሠራ ሥራና የሚመሰክርልሽ ደንበኛ ሲኖር ሞክሪው። ባዶ እጅ ከገባሽ ያው ታፕ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባልሽ ጻፊልኝ። ብዛቱን አልጠይቅሽም፤ ምን እንደገዛሽበት ብቻ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በቴሌግራም እሸጣለሁ፣ ባሕር ዳር ነኝ። አንድ ደንበኛ የ1,850 ብር የከፈለበትን ስክሪንሾት ላከልኝ፣ ዕቃውን በሞተር ላክሁ። ማታ ሳይ ብሩ የለም። ስደውል ስልኩ ተዘግቷል። ምን ላድርግ?

የቆሎዋ እናት

መልስ፦ ስክሪንሾቱን፣ ቁጥሩንና የጽሑፍ ልውውጣችሁን ሳታጠፊ ይዘሽ ለፖሊስ አመልክቺ። ቆሎው ይመለሳል ብዬ ግን አላታልልሽም።

ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። ሥዕል ነው፤ ቁጥሩን ቀይሮ መሥራት ለአንድ ጎረምሳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በቴሌብር ሲከፈልሽ መልእክቱ ከ127 ነው የሚመጣው። ከተራ የሞባይል ቁጥር ‹ገቢ ሆኗል› የሚል ከመጣ ውሸት ነው። ከ127 ቢሆንም መልእክት ብቻ አያሳምንሽ፤ መተግበሪያውን ራስሽ ከፍተሽ ሂሳብሽን እዪ። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው አይወጣም። ደንበኛው ‹ቸኩያለሁ እኮ› ይልሻል። ይቸኩል።

እኔ በርበሬ የሸጥኩባቸው ጥቂት ወራት ነበሩ። የሞተሩ ልጅ ደጃፍ ቆሞ ‹እማማ፣ ገባ?› ይለኛል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ ሂሳቤን ካላየሁ ፌስታሉን አልሰጠውም። አንድ ቀን ኔትወርኩ እስኪመጣ ቡና አፍልቼ አጠጥቼዋለሁ።