ጥያቄና መልስ፦ የጤና ሹሙ፣ ቱቦውና የሌሊቱ ባልዲ

ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የከተማ ወረዳዎች የሕዝብ ጤናና ንጽሕና እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተደራርበው ደርሰውናል። አብዛኞቹ የተላኩት እዚያው ከሚኖሩና የሰፈራቸውን አሮጌ የጤና ዘገባ ካገላበጡ አንባቢዎች ነው። ከአገር ቤት የጻፉ ባለሙያዎችም አሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ፣ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«በዘገባው ላይ "የጤና ሹም" እና "የሁከት ተቆጣጣሪ" የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ሥራቸው ምንና ምን ነው? የማንን ጽሑፍ ልከተል?» (ለንደን)

የጤና ሹሙ ሐኪም ነው። በትንሽ ወረዳ ብዙውን ጊዜ የራሱን ሕሙማን እያከመ ለምክር ቤቱ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚዞር ሰው ነው። «ሁከት» የሚለው ቃል እዚህ በ1875ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ትርጉሙ ነው የተወሰደው፤ እኛ አገር ፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ሲባል ከሚታሰበው ይለያል። በዚያ ሕግ ሁከት ማለት ሞልቶ የሚፈስ ጉድጓድ፣ ሰው ከልክ በላይ የታጨቀበት ቤት፣ የሚከረፋ በረት፣ በጠቅላላው ለጤና ጠንቅ የሆነ ነገር ነው።

አሠራሩ ደረጃ ነበረው። ተቆጣጣሪው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ቤት ገብቶ ያያል። ጥፋት ካገኘ ቀን ተቆርጦለት የጽሑፍ ማስታወቂያ ለባለቤቱ ይደርሰዋል። ባለቤቱ ካልፈጸመ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የዳኛውን ትእዛዝ የጣሰ በየቀኑ እስከ 10 ሺሊንግ ይቀጣል።

ስለዚህ የሹሙን መግቢያ ካነበቡ በኋላ በቀጥታ ወደ ተቆጣጣሪው ሠንጠረዥ ይሂዱ። ስንት ማስታወቂያ ተሰጠ? ስንቱ ተፈጸመ? ስንቱ ፍርድ ቤት ደረሰ? ብዙ ማስታወቂያ ተሰጥቶ ጥቂት ብቻ ከተፈጸመ፣ ክስም ከሌለ፣ ምክር ቤቱ እግሩን እየጎተተ ነበር ማለት ነው። ከምክር ቤት አባላት መካከል የኪራይ ቤት ባለቤቶች ስለነበሩ ይህ የሚያስገርም አልነበረም። ለሹሙ መድፈርም ዋጋ ነበረው፦ ከደመወዙ ግማሹ በካውንቲው (ከወረዳው በላይ ባለው አስተዳደር) በኩል የሚተካለት ሹም ያለ ማዕከላዊው የአካባቢ አስተዳደር ቦርድ ፈቃድ አይባረርም። ሙሉ ደመወዙን ከወረዳው የሚያገኘው ግን በየዓመቱ ውሉ ሊቋረጥ ይችል ነበር። ለስላሳ ዘገባ ሲያጋጥምዎት ይህንን ያስቡ።

«የቧንቧና የፍሳሽ ሠራተኛ ነኝ። ካሜራ በሌለበት ዘመን መሬት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ማፍሰሱ እንዴት ይታወቅ ነበር?» (ሐዋሳ)

በውሃ፣ በጭስና በማሽተት። ሦስቱም ዛሬም ይሠራሉ።

ለአዲስ ቱቦ የውሃ ፈተና ይደረጋል። የታችኛው ጫፍ ፖዜቶው (የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓዱ) ውስጥ በጎማ ውታፍ ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይሞላል፣ ልኩ ላይ ምልክት ይደረጋል። ጀማሪ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው መጀመሪያ ላይ ይወርዳል፣ ግን ቱቦው አፍስሶ ላይሆን ይችላል፤ ደረቁ ሲሚንቶ ውሃ ይጠጣል፣ የታፈነ አየርም ይወጣል። ስለዚህ ጥቂት ቆይቶ እንደገና እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ የሚቆጠረው ሰዓት ከዚያ ነው የሚጀምረው። መጋጠሚያው ሳይጠነክር የሚፈትን ሰው ደግሞ ደህናውን ሥራ ራሱ ያበላሸዋል።

አሮጌ ቱቦ ይህንን ፈተና ብዙ ጊዜ አያልፍም፤ ስለዚህ ጭስ ይሻለዋል። ቅባት የነካው የጥጥ ብጣሽ በትንሽ ምድጃ ይነዳል፣ ጭሱ በወናፍ ወደ ቱቦው ይነፋል። ጣሪያ ላይ ባለው የአየር ቱቦ መውጣት ሲጀምር ያ አፍ ይዘጋል፤ ካልተዘጋ ጭሱ ሁሉ በዚያ ያመልጣል። ከዚያ ወለሉን፣ የግድግዳውን ጥግ፣ የአይጥ ጉድጓዱን ማየት ነው። በኃይል መንፋት ግን አይገባም። ሲፎን ውስጥ፣ ማለት ሽታ እንዳይመለስ ውሃ በሚይዘው ጎባጣ ቱቦ ውስጥ፣ የሚቆመው ውሃ ጥቂት ኢንች ብቻ ስለሆነ ግፊቱ ይገለብጠዋል፤ ያኔ ደህናው ሲፎን የሚያፈስ ይመስላል።

ሦስተኛው የናና ዘይት ነው። 2 አውንስ ያህል የፔፐርሚንት ዘይት ከሙቅ ውሃ ጋር ከጣሪያው በአየር ቱቦው ይፈስሳል፣ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ያሸታል። ያፈሰሰው ሰው እስከ መጨረሻው ወደ ቤት መግባት የለበትም። ሽታው ልብሱ ላይ ስለሚቀር ፈተናውን ከንቱ ያደርገዋል።

ቱቦው የሚበላሽበት ምክንያት ለእርስዎ አዲስ አይሆንም። በድሮ ሥራ የሸክላ ቱቦ በጭቃ ይጋጠም ነበር፤ ጭቃው ታጥቦ ይሄዳል። በኋላ ቅጥራን በጠጣ ካናፓ (ቃጫ) እና በሲሚንቶ ሲጋጠም ደግሞ ወደ ውስጥ የሾለከ ሲሚንቶ ካልተጠረገ ይደርቅና እንደ ከንፈር ወጥቶ ወረቀት ይይዛል። ተዳፋቱ ለ4 ኢንች ቱቦ 1 ለ40፣ ለ6 ኢንች 1 ለ60 ነበር። ትልቅ ቱቦ ይሻላል ብሎ ለአንድ ቤት 9 ኢንች የቀበረ ግንበኛ የሠራው መዘጊያ ነው፦ ውሃው ወለሉ ላይ ሳስቶ ይሄዳል፣ ቆሻሻው ይቀራል።

«ማንቸስተር ውስጥ ከድሮ ቤቶች ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ፣ የጓሮው ግንብ ሥር በጡብ የተደፈነች ትንሽ መስኮት አያለሁ። ምን ነበረች?» (ማንቸስተር)

የባልዲ ማውጫ ነበረች። ጓሮ ያለው መጸዳጃ ከመቀመጫው ሥር ባልዲ ነበረው፤ የከተማው ሠራተኞች ሌሊት በጋሪ መጥተው፣ ቤተሰቡን ሳይቀሰቅሱ፣ በዚያች መስኮት ሙሉውን አውጥተው የታጠበ ይተኩ ነበር። ከባልዲው በፊት የነበረው የአመድ ጉድጓድ ነው። ዓይነ ምድርና የምድጃ አመድ አንድ ላይ ይጠራቀሙበታል፣ በየስንት ሳምንቱም በአካፋ ይዛቃል። ዝናብ ሲገባበት በዙሪያው ያለውን አፈር ያርሳል። ባልዲው ቢያንስ አፈሩን አዳነ። ችግሩ ሠራተኞቹ ሳይመጡ ሲዘገዩ ይሞላል፣ ሲነሳም ይፈስሳል።

ልዩነቱን በቁጥር ያሳየው የኖቲንግሃሙ የጤና ሹም ፊሊፕ ቡቢየር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የ10 ዓመት መዝገብ አገላብጦ፣ የአንጀት ተስቦ የአመድ ጉድጓድ ካላቸው ቤቶች ከ37ቱ በአንዱ፣ ባልዲ ካላቸው ከ120ው በአንዱ፣ የውሃ መጸዳጃ ካላቸው ከ558ቱ በአንዱ መታየቱን አገኘ። የውሃ መጸዳጃ የነበራቸው በአመዛኙ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ስለነበሩ ልዩነቱ ሁሉ የመጸዳጃው አይደለም። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ርቀት በኑሮ ብቻ አይገለጽም።

በሰሜኑ ከተሞች አንድ መካከለኛ መፍትሔም ነበር፦ የወጥ ቤት እጣቢ ውሃ መሬት ውስጥ በተንጠለጠለ ገንዳ ይጠራቀማል፣ ገንዳው ሲሞላ በራሱ ይገለበጥና መጸዳጃውን ያጥባል። ንጹሕ ውሃ አያባክንም፣ በውርጭም አይቀዘቅዝም። ሁለትና ሦስት ሰው በሚኖርበት ቤት ግን ገንዳው ቶሎ አይሞላም፤ ጥልቁ ጉሮሮም ግድግዳው ስለማይታጠብ ይከረፋል።

ሁሉም ለምን ወዲያው ወደ ውሃ መጸዳጃ አልተለወጠም? ገንዘብ ነው። አሮጌው መጸዳጃ በሕጉ ዓይን «በቂ» ከሆነ ባለቤቱን ማስገደድ አስቸጋሪ ነበር። በ1907 የወጣው ማሻሻያ የተቀበለው ወረዳ ግን ፍሳሽና በቂ ውሃ ባለበት ቦታ ለውጡን ማዘዝና ከወጪው ግማሹን ራሱ መክፈል ቻለ። እኔ እስከሚገባኝ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያ ግማሽ ወጪ ሥራ ሠርቷል።

«በሰፈሬ የ1911 ዘገባ የሕፃናት ሞት በአንድ ዓመት አሻቅቧል። ምን ዓይነት ወረርሽኝ ገባ?» (በርሚንግሃም)

የበጋ ተቅማጥ ነው። የእርስዎ ሰፈርም ብቻውን አልነበረም። በእንግሊዝና ዌልስ በጠቅላላው ከ1000 ሕያው ልደት በመጀመሪያው ዓመት የሞቱት በ1910 105 ነበሩ፤ በ1911 130 ሆኑ፤ በ1912 ወደ 95 ወረዱ። የ1911 በጋ እጅግ ሞቃትና ደረቅ ነበር፤ የ1912ቱ ቀዝቃዛና ዝናባማ።

ኤድዋርድ ባላርድ የተባለ ሐኪም ቀደም ብሎ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፦ ሞቱ የሚያሻቅበው 4 ጫማ ጥልቀት ውስጥ የተቀበረው የአፈር ቴርሞሜትር 56 ፋራናይት፣ ማለት 13 ሴልሺየስ ገደማ፣ ሲደርስ ነው። አየሩ ለጥቂት ቀን ቢሞቅ አይበቃም፤ ሙቀቱ ሰንብቶ ወደ መሬት መዝለቅ አለበት። የጤና ሹሞች ይህንን እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ይጠብቁት ነበር።

መንገዱ የታወቀ ነው። የፈረስ ፋንድያና ክፍት መጸዳጃ ዝንብ ያረባሉ፣ ዝንቡ ወተት ላይ ያርፋል፣ ወተቱ በሞቀ ክፍል ውስጥ ይውላል። ከሁሉ የከፋው ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው ጡጦ ነው። እናት ሥራ ላይ እያለች ሕፃኑ ብቻውን እንዲጠባ ያስችላል፤ ቱቦው ውስጥ ግን ብሩሽ አይገባም፣ የቆየ ወተት ግድግዳው ላይ ይቀራል። ርካሹ ስብ የወጣለት ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተትም ሆድ ይሞላል እንጂ ሕፃን አያሳድግም።

ቤት ለቤት የሚዞሩት ሴት የጤና ጎብኚዎች የሚሰጡት ምክር ይህ ነበር፦ ከተቻለ የእናት ጡት ብቻ። ካልተቻለ በሁለቱም ጫፍ የሚከፈት ጀልባ መሰል ጡጦ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በፈላ ውሃ የታጠበ። ወተቱ ይፈላል፣ በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይቀመጣል።

ጎብኚዋ በጊዜ ካልደረሰች ምክሩ ዋጋ የለውም። ልደት ለማስመዝገብ ሕጉ 42 ቀን ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንቱ ሕፃን ጡት ተነጥቋል፣ ስንቱም ሞቷል። የ1907ቱ የልደት ማስታወቂያ ሕግ በተቀበሉት ወረዳዎች ልደቱ በ36 ሰዓት ውስጥ ለጤና ሹሙ እንዲነገር አደረገ። በ1915 ግዴታነቱ ለሁሉም ሆነ። ለዚህ አርአያ ከሆኑት አንዷ ሀደርስፊልድ ናት። ከንቲባዋ ቤንጃሚን ብሮድቤንት፣ ሎንግዉድ በተባለው ሰፈር ልጇን አንድ ዓመት ላደረሰች እናት ሁሉ 1 ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገብቶ ነበር።

«እኛ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈሩን እናጥናለን። እንግሊዞቹም በሽታ በጭስ ያባርሩ ነበር?» (አዲስ አበባ)

አዎ፣ ግን ጭሱ የድኝ ነበር። የእኛ ኅዳር ሲታጠን ከ1911 ዓ.ም. (በእነሱ 1918) የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። እነሱ ቤት የሚያጥኑት ፈንጣጣ፣ ዘጊ አንዳ ወይም ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ቀይ ሽፍታ ያለው ትኩሳት ከገባበት በኋላ ነበር።

መስኮቱና የጭስ ማውጫው ይዘጋል፣ ስንጥቁ ሁሉ በወረቀት ይለጠፋል። ለ1000 ኪዩቢክ ጫማ 3 ፓውንድ ድኝ ይመደባል፤ በእኛ ልክ ለ4 በ3 ሜትር ክፍል አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ድኙ በብረት ድስት ይደረጋል፣ ድስቱ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ በጡብ ላይ ይቀመጣል፤ ቢፈስ ወለሉ እንዳይቃጠል ነው። አልኮል ተርከፍክፎ ይለኮሳል፣ በሩ ከውጭ ይታሸጋል፣ እስከ ማግስቱ አይከፈትም። ደረቅ ጭስ ደካማ ስለሆነ ግድግዳው አስቀድሞ ይረጥባል። ይህንን ዛሬ ማንም ቤቱ ውስጥ እንዳይሞክረው፤ የድኝ ጭስ ሳንባን ያቃጥላል።

ጥቅሙ? ትኋንና አይጥ ይገድላል። ተህዋስያንን ግን በእርግጠኝነት አይገድልም፣ ደግሞም ጨርቅ ያነጣል፣ ብረት ያጠቁራል። ስለዚህ በአዲሱ ክፍለ ዘመን ብዙ ሹሞች ግድግዳውን በፎርማሊን ወይም በአንድ ጋሎን ውሃ 1 አውንስ ተኩል በረኪና ዱቄት በተበጠበጠ ውሃ ወደ መርጨት ዞሩ።

ፍራሽና ብርድ ልብስ ወደ እንፋሎት ማሽን ይሄዳል። ማሽኑ ሁለት በር አለው፣ በመካከሉ ግንብ አለ፤ የተበከለው በአንዱ ይገባል፣ የጸዳው በሌላው ይወጣል። ጠቅጥቀው ከሞሉት በጨርቁ መካከል አየር ይቀራል፣ አየር ባለበት እንፋሎት አይደርስም። ደም የነካው አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ካልተዘፈዘፈ እድፉ ለዘላለም ይቀራል። ቆዳ፣ ጠጉር ልብስና ጎማ ደግሞ እንፋሎት ውስጥ አይገቡም፤ ተጨማደው ይወጣሉ።

«የሁለት ወረዳዎችን የሞት መጠን አወዳድሬ አንዱ ጤነኛ መሰለኝ። ትክክል ነኝ?» (ሊድስ)

ሁለት ነገር ይመልከቱ። የሕዝብ ቆጠራው በ1901 እና በ1911 ብቻ ነው፤ በመካከሉ ያለው ግምት የቀድሞው እድገት ይቀጥላል ብሎ የተሠላ ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ በዓመቱ 270 ሰው ቢሞት፣ ሕዝቡ 18,000 ተብሎ ከተገመተ መጠኑ ከሺህ 15 ነው፤ ቆጠራው 20,000 ካሳየ 13.5 ይሆናል። ሰው አልዳነም፣ የተለወጠው አካፋዩ ነው። ሁለተኛ፣ በወረዳው ውስጥ የድሆች መጠለያ ወይም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ካለ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ሞት ይደመርበታል። ሟቾችን ወደ መኖሪያ ወረዳቸው የመመለሱ ሥራ በማዕከል ደረጃ የተስተካከለው ከ1911 ወዲህ ነው።

«ወተት በውሃ የሚቀጥን ነጋዴ እንዴት ይያዝ ነበር?» (ደብረ ብርሃን)

ተቆጣጣሪው ወተት ይገዛና እዚያው ሻጩ ፊት ለሦስት ይከፍለዋል፣ ያሽገዋል፦ አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ለመርማሪው ኬሚስት፣ አንዱ ክርክር ቢነሳ ለፍርድ ቤት። ከ1901 ጀምሮ ስቡ ከ3 በመቶ፣ ከስብ ውጭ ያለው ደረቅ ነገር ከ8.5 በመቶ ካነሰ ወተቱ ተነክቷል ተብሎ ይገመታል። ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ሻጩ ላሚቱ ራሷ እንዲህ ታልባለች ብሎ ሊያስረዳ ይችላል። ከረጅም ሌሊት በኋላ የሚታለበው የጠዋት ወተት ስቡ ስለሚያንስ ይህ መከራከሪያ ሁልጊዜ ውሸት አልነበረም። በዚያ ጊዜ የሚረዳው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ስብ በአስተላለብ ሲለዋወጥ ደረቁ ነገር ግን ብዙም አይነቃነቅም፣ ውሃ ሲገባበት ግን ወዲያው ይወርዳል።