ፔትሮሎጂ እንጀራ ይሆናል ወይ?

የዛሬዋ ጠያቂ ባሕር ዳር ጂኦሎጂ የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ደምበጫ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እንዲህ ትላለች፦ «ከተማርኩት ሁሉ የወደድኩት ኢግኒየስ ፔትሮሎጂን፣ ማለትም ቀልጠው የረጉ ድንጋዮችን ጥናት፣ እና የማዕድናት ኬሚስትሪን ነው። ጓደኞቼ ግን ውኃ ወይም ኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ ካልያዝሽ ሥራ የለም ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ‹ድንጋይማ ማሳችን ላይ ሞልቶ የለ! ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ?› አለኝ። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ልመርጥ ነው። የምወደውን ልያዝ ወይስ የሚያበላኝን? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ በቅድሚያ አንድ ነገር ፊት ለፊት ልንገርሽ። «ፔትሮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቂ እንዳትከርሚ። ጋዜጣ ላይም ሆነ ቴሌግራም ላይ የለም ማለት ይቻላል። የሚወጣው «ጂኦሎጂስት፣ 0 ዓመት» ነው። እሱም ሲወጣ የተመረቀው ሁሉ ይሻማበታል። ስለዚህ ጓደኞችሽ ዝም ብለው አላወሩም። ችግሩ ፔትሮሎጂን እንደ አንድ የሥራ መደብ ማየታቸው ነው። እኔ የማየው እንደ ችሎታ ነው። ድንጋይን አይቶ፣ ማዕድናቱን ለይቶ፣ ኬሚስትሪያቸውን ለክቶ «ይሄ ከየት መጣ? ምን ደረሰበት? ለምንስ ይሆናል?» ለሚለው መልስ መስጠት ነው። ይህን ችሎታ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው አለ። በስሙ ግን አይጠራውም።

ያለሽበት አገር ደግሞ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ተሻግረሽ ከሆነ በመስኮት አይተሽዋል። ከታች የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያ ጂፕሰም፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ እያለ ይወጣል። አናቱ ላይ ጥቁሩ ባዛልት ተደፍቶበታል። ያ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ ደጋውን የሸፈነው ነው። አብዛኛው የፈሰሰው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ ለጂኦሎጂ ይህ ዐይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ነው። ጮቄ ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚሁ ባዛልት ላይ የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነው። ከጣና በስተደቡብ ያለው ግን ገና ልጅ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድበት ጥቁር ድንጋይ ከዚሁ ከወጣቱ ወገን ነው። እንጅባራ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳም በፍንዳታ የተፈጠረ ነው።

እንጅባራን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ አካባቢ ለፔትሮሎጂ ሰው ሠርግና ምላሽ የሆነ ነገር አለ። ጥቁሩን ድንጋይ ሰብረሽ ስታይ ውስጡ አረንጓዴ ጉብታ ተቀምጦ ልታገኚ ትችያለሽ። አብዛኛው ኦሊቪን የሚባል ማዕድን ነው። ማግማው (የቀለጠው ዓለት) ሽቅብ ሲጣደፍ ከማንትል፣ ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ንብርብር፣ ቦጭቆ ያመጣው ነው። የምድር ቅርፊት በዚያ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ያ ጉብታ የመጣው ከዚያ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት የእነዚህን ጉብታዎች ማዕድናት ኬሚስትሪ ለክቶ፣ ከደጋው ሥር ያለው ማንትል ከምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚሞቅ አስልቷል። የአገርሽ ልጆች እየረገጡት የሚያልፉት ድንጋይ ነው።

የማዕድናት ኬሚስትሪ ለምን ይህን ያህል እንደሚናገር አንቺ በክፍል ተምረሻል። ለሌላው አንባቢ ግን ትንሽ ልበል። ማግማ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ማዕድን በአንዴ አይረጋም። ኖርማን ቦወን ከመቶ ዓመት በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳየው ይህንኑ ነው። በባዛልት ውስጥ ኦሊቪን ቀድሞ ይረጋና ማግኒዥየሙን ይዞ ይወርዳል። ጠላ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ሌላ እንደሚሆነው፣ የቀረው ማግማም ሌላ ይሆናል። ታሪኩ እያንዳንዱ ክሪስታል ላይ ተጽፎ ይቀራል። የአንዲት ኦሊቪን እምብርት ማግኒዥየም ይበዛበታል፤ ጠርዟ ላይ ደግሞ ብረት። ፕላጅዮክሌዝ የተባለው ማዕድንም እምብርቱ ካልሲየም፣ ጠርዙ ሶዲየም ወደ መሆን ያደላል። ኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ የሚባለው መሣሪያ ከእምብርት እስከ ጠርዝ እየተራመደ ይህን ይለካል። በአንድ ጊዜ የሚነካት ነጥብ ስፋቷ 1 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮፕሮብ በየዩኒቨርሲቲው የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ዲግሪ አታስቢው።

የአንቺ መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነው። ድንጋዩ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል። ቲን ሴክሽን የምትሉት ማለት ነው። እዚያ ላይ ዐይንሽን አሠልጥኚ። ለምሳሌ በጎጃም ባዛልት ላይ ኦሊቪን ስታዪ ጠርዟና ስንጥቋ ቀይ ቡናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ኢዲንግሳይት ነው። ጀማሪ ሲያየው ሌላ ማዕድን ይመስለዋል። ኦሊቪኗ ውኃና አየር አግኝቷት ስትበላሽ የመጣ ነው። ይህችን ቀይ ጠርዝ ማወቅ ተራ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን ላብ የምትልኪው ናሙና ትኩስ ይሁን የበሰበሰ አስቀድማ የምትነግርሽ እሷ ናት። የበሰበሰ ድንጋይ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ በውኃ ታጥቦ ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ገንዘብ ከፍለሽ የማይረባ ቁጥር ገዝተሽ ትመለሻለሽ። ዐይኑ የሰለጠነ ሰው ለቀጣሪ የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ጓደኞችሽ «ውኃ ያዢ» ወዳሉት እንምጣ። ጎጃም ውስጥ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ባዛልት ውስጥ ነው። ማሽኑ ፍርፋሪውን እየተፋ ሲወርድ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ በየሜትሩ እያየ ይመዘግባል። ይሄ ድፍን ባዛልት ነው ወይስ ቀዳዳ የበዛበት የባዛልት ፍሰት አናት? በሁለት ፍሰቶች መካከል የተቀበረ ቀይ አፈር ነው? ቀዳዳዎቹስ ክፍት ናቸው ወይስ ዚዮላይትና ካልሳይት የተባሉ ማዕድናት ሞልተዋቸዋል? ከተሞሉ ቀዳዳ ስላየሽ ብቻ ውኃ አለ ማለት አይደለም። ፍርፋሪውን በእጅ ሌንስ አይቶ ይህን የሚለይ ሰው የቆፋሪውን ነዳጅም የቀበሌውን ተስፋም ያድናል። እንግዲህ ይህ ፔትሮሎጂ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ደመወዙ ግን የሚከፈለው በሃይድሮጂኦሎጂስት ስም ነው።

ካባም እንደዚያው። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» የሚለው ቀልድ እንደሰለቸሽ እገምታለሁ። እኔንም ሰልችቶኛል። ነገር ግን ድንጋዩን ከሚጠርበው ሌላ፣ የትኛው ካባ ለአስፋልት፣ የትኛው ለኮንክሪት እንደሚሆን የሚወስን ሰው አለ። ኦፓል፣ ካልሴዶኒ ወይም ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ መስታወት ያለበት ጠጠር ከሲሚንቶው አልካላይ ጋር ይጣላል። ኮንክሪቱ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል። ለድልድይና ለግድብ ይህ ቀልድ አይደለም። ለዚህም ነው ጠጠርን በማይክሮስኮፕ መመርመር ራሱን የቻለ መደበኛ ፍተሻ የሆነው። ኤኤስቲኤም ሲ 295 የሚባለውን መስፈርት ፈልገሽ አንብቢ። ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስሙን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን የምታስረጂ አዲስ ተመራቂ ከሆንሽ፣ ጠያቂዎቹ ቀና ብለው ያዩሻል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። በእንፋሎት ኃይል ቁፋሮ ከጉድጓድ የወጣ ኤፒዶት የተባለ ማዕድን ድንጋዩ ከ240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት አይቶ እንደነበር ይጠቁማል፤ እንደ አሉቶ ባሉ ስምጥ ሸለቆ ቦታዎች የሚፈለግ ዕውቀት ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን በተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ማግማ ከመሬት ሥር ሲንቀሳቀስ አገሩ ሁሉ ስለ ማግማ ጠይቋል፤ ያንን የሚያጠና ሰው ወደፊትም ያስፈልጋል። የወርቅ ፍለጋ ኩባንያዎች ኮር (ከጉድጓድ ተቆርጦ የሚወጣ የድንጋይ ዘንግ) የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋሉ። ወርቁን ግን ከባዛልቱ አትጠብቂ። በብዛት ያለው በምዕራብ፣ በደቡብና በሰሜን ባሉት አሮጌ ዓለቶች ነው። የከበሩ ድንጋዮች ንግድም አለ፤ እዚያ ግን ከዲግሪ ይልቅ ትውውቅ ይቀድማል፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

አባትሽን በተመለከተ፣ ክርክር አትግጠሚ። ቀይ አፈሩን አሳዪያቸው። ያ አፈር ባዛልቱ ሲበሰብስ የመጣ ነው። የደጋው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ለረጅም ዘመን ሲያጥበው ከርሞ አሲዳማ ሆኗል። ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ አዊ፣ ሁሉም የሚያማርሩበት ነው። ማሳ ላይ ኖራ እንዲበተን የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ልጃቸው የምትማረው ማሳቸው ለምን ኖራ እንደጠየቀ የሚያስረዳ ትምህርት መሆኑን ሲሰሙ ቢያንስ ይስቃሉ።

አሁን ወደ ርዕሱ። የኔ ሐሳብ ፔትሮሎጂውን ያዢ ነው፤ ግን ብቻውን አትያዢው። አንድ ናሙና ሰብስበሽ ሁለት ጥያቄ ጠይቂው። ለምሳሌ ባሕር ዳር ዙሪያ ወይም ደብረ ማርቆስ አጠገብ ካሉ ካባዎች አንድ ሁለቱን ውሰጂ። የፍሰቶቹን ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ መዝግቢ። ቲን ሴክሽን አሠርተሽ ማዕድናቱን በመቶኛ ቁጠሪ። ከዚያ በዚያው ቲን ሴክሽን ላይ «ይህ ድንጋይ ለኮንክሪት ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ክፍል ለማስተርስ ያሳጭሻል፤ ሁለተኛው ለቅጥር። «የጎጃም ባዛልት ጂኦኬሚስትሪ» የሚል አገር የሚያክል ርዕስ ይዘሽ ግን አማካሪሽ ዘንድ እንዳትሄጂ። እሱ የዶክትሬት ሥራ ነው፤ ያውም ለብዙ ሰው።

የላብ ገንዘብ ካጠረሽ ጥቂት ናሙና ብቻ መርጠሽ አስለኪ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ አለው፤ ዋጋውን በዩኒቨርሲቲሽ ደብዳቤ አስጠይቂ። ሌላው መንገድ በነጻ ነው። ጂኦሮክ የተባለው የመረጃ ቋት ላይ ተመራማሪዎች ያሳተሙት የድንጋይ ኬሚስትሪ ተሰብስቦ ተቀምጧል። የሰሜን ምዕራቡን ደጋ ባዛልት አውርጂ። በኤክሴል ጀምሪ፣ ከቻልሽ ፓይተን ልመጂ። ሲሊካን ከሶዲየምና ፖታሲየም ድምር ጋር በግራፍ ሣዪው። ከዚያ ታይታኒየሙን ተመልከቺ። በጎጃም በኩል ያለው ታይታኒየሙ ዝቅ ያለ፣ ወደ ላሊበላ በኩል ያለው ከፍ ያለ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ለምን? ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይከራከሩበታል። የራስሽን ናሙና በዚያ ሥዕል ላይ ነጥብ አድርገሽ ስታስቀምጪ ጥናትሽ ከሌላው ዓለም ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በወደድሽው ኮርስ ብቻ ኤ ደርድረሽ ስትራክቸሩንና ሃይድሮውን ሲ አታድርጊው። የመውጫ ፈተናው ሁሉንም ይጠይቃል። ረዳት መምህር ሆኖ ዩኒቨርሲቲ መቅረትም የሚታየው በጠቅላላ ውጤት ነው።

ማስተርሱን እዚሁም ውጭም መሞከር ትችያለሽ። የማዕድን ኬሚስትሪን እስከ ጥግ መሄድ ከፈለግሽ ግን አንድ ቀን ማይክሮፕሮብ ያለበት አገር መሄድሽ አይቀርም። የጀርመኑን የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳድንና የአውሮፓውን ኢራስመስ ሙንዱስን ራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ተከታተይ። ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ የሚል ኤጀንት ካገኘሽ ስልኩን ዝጊበት። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ድንጋይ እወዳለሁ» አትበይ፤ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። እሱ ያሳተመውን አንድ ጽሑፍ በትክክል አንብቢ። ከዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ራስሽ ያነሳሽውን አንድ የቲን ሴክሽን ፎቶም አያይዢ። ስኬል (የመጠን መለኪያ መስመር) የሌለው ፎቶ ከሆነ ግን ባትልኪው ይሻላል።