ስልክ የሚጠብቅ ሰው አለ

በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅቶች ውስጥ ለምትሠሩ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ወደ ሙያችን ከገባች ብዙም ያልቆየች አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ የምጽፈው የሥራ ዕቅድ ሁለት ወር እንኳ የማይዘልቀው ለምንድን ነው? ሰነፍ ሆኜ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰነፍ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ከሁሉም ቀድማ ገብታ ከሁሉም በኋላ የምትወጣ ልጅ ናት። በአጭሩ መለስኩላት። ጥያቄው ግን አብሮኝ አደረ፤ ብዙ ዘመን ያላነሣሁትን ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ለእሷ የነገርኳትን ላስቀድም። በእኛ ሥራ ዕቅድ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በስንፍና አይደለም፤ ዕቅድ የምንጽፍበት ወቅትና ሥራ የሚያጥለቀልቀን ወቅት አንድ ስለሆነ ነው። ደንበኛ ድርጅቶች የዓመቱ በጀት ሲጸድቅላቸው ታግደው የቆዩትን ክፍት ቦታዎች በአንድ ጊዜ ይልካሉ። ውላቸው በዓመቱ መጨረሻ ያለቀ ጊዜያዊ ሠራተኞች አዲስ ምደባ ፈልገው ይመጣሉ። ሥራ ለመቀየር ያሰበም ሰው ሲቪውን አድሶ የሚልከው ያን ሰሞን ነው። ለመማር፣ ለመደራጀት፣ ደንበኛን በአካል ለመጎብኘት ያሰባችሁት ሰዓት የሚበላው እንግዲህ ያኔ ነው።

በወጣትነቴ እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሴት ባልደረባ ነበሩን። በየዓመቱ መጀመሪያ ቅጽ ይታደለናል፤ እያንዳንዱ ሰው የዓመቱን ግብ ጽፎ ለኃላፊው ያስረክባል። የሁላችንም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር፤ ይህን ያህል ሰው አስቀጥራለሁ፣ ይህን ያህል አዲስ ደንበኛ አመጣለሁ። እሳቸው አንድ ዓመት አንድ መስመር ብቻ ጻፉ፦ «ወደ እኔ የመጣ ሥራ ፈላጊ ያለ መልስ አይቀርም።» ኃላፊያችን ወረቀቱን ይዞ መጣና «ይሄ ግብ ነው ወይስ ስብከት?» አላቸው። ሳይቆጡ «በሳምንቱ መጨረሻ ቁጠርልኝ» ብለው መለሱለት።

መቁጠር ደግሞ ይቻል ነበር። ያኔ ኮምፒውተር በየጠረጴዛው አልነበረም፤ ሥራ ፈላጊው የሚመዘገበው በጠንካራ ወረቀት ካርድ ላይ ነው። ሙያው፣ የሥራ ልምዱ፣ ስልኩ፣ ለየትኛው ድርጅት እንደተላከ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። የካርዶቹ ሣጥን ሲከፈት የሚወጣው የወረቀትና የቀለም ሽታ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ካርድ የሚፈልግ ሰው የሌሎችን ካርድ ሳያይ አያልፍም፤ ሾፌር ሲፈልግ የመካኒኩን ስም ያነባል፣ ማታ መካኒክ ሲጠየቅ ያ ስም ይመጣለታል። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ሥራ አግኝቷል። እናንተ ዛሬ ሦስት ቃል ጽፋችሁ ስም ይደረደርላችኋል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያልወጣ ሰው ለእናንተ የለም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ግን አውቃችሁ ሥሩ።

ወደ እሳቸው ልመለስ። ለዚያ ግብ ሐሙስ ከሰዓት በኋላን መደቡ። በዚያ ሰዓት አዲስ ትእዛዝ አይቀበሉም። ካርዶቹን ደርድረው አንድ በአንድ ይደውላሉ። «ለመጋዘኑ ቦታ ሌላ ሰው ተመርጧል። እሱን የመረጡት ፎርክሊፍት መንዳት ስለሚችል ነው። አንተም ብትማር ለሌላ ቦታ እልክሃለሁ።» ንግግራቸው ይኸው ነው፤ ማጽናኛ አያበዙም። ሰውዬው ምን እንደጎደለው ያውቃል፣ መጠበቁንም ያቆማል። ስልኩን ሲዘጉ በካርዱ ጀርባ ቀኑን ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሳያልቅ አንድ ትልቅ ደንበኛ በርካታ ጊዜያዊ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ጠየቀ። ድርጅቱ የሁላችንንም ሰዓት ወደዚያ አዞረው፤ የእሳቸው ሐሙስም አብሮ ሄደ። «ለጥቂት ሳምንት ብቻ» ነበር የተባለው። ተከራከሩ፤ የሰማቸው የለም። ሐሙሱ ሳይመለስ ቀረ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ እሳቸውም ሥራውን ለቀቁ። ካርዶቻቸው ለሌሎች ተከፋፈሉ።

ቆይቶ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ቢሯችን መጣ። ለአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ተደርጎለት «እናሳውቅሃለን» የተባለ ሰው ነው። ቦታው በሌላ ሰው ከተያዘ ሰንብቷል፤ ለእሱ የነገረው አልነበረም። በመሀል ሌላ ድርጅት ሥራ ሰጥቶት ነበር፤ ደመወዙ አነስ ያለ፣ ግን ቋሚ ሥራ። የእኛን መልስ ልጠብቅ ብሎ ተወው። ይህን ሲናገር ድምፁን አላነሣም። ቀድሞ ለሌላ ቦታ ተልኮ ሳያልፍ ሲቀር እሳቸው ደውለው ነግረውት ስለነበር «እሳቸው ቢኖሩ ይደውሉልኝ ነበር» አለ። ኃላፊው ይቅርታ ጠየቀውና ሲቪውን አድሶ እንዲያመጣ ነገረው። ሰውዬው ፎልደሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። እኔ አጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ያ ሰው ሥራውን ያጣው ችሎታ አንሶት አይደለም፤ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ስልክ ሳይደወልለት ቀርቶ ነው። ያ ስልክ ደግሞ በአንድ ሰው የዓመት ዕቅድ ላይ ተጽፎ ነበር! የጻፉት ሴት ጎበዝም ቆራጥም ነበሩ፣ ሰዓቱንም መድበውለት ነበር። እንዲያም ሆኖ ፈረሰ። ስለዚህ «ቁርጠኝነት ካላችሁ ዕቅዳችሁ ይሳካል» ከሚሏችሁ ሰዎች ጋር አልስማማም። ሰዓታችሁ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ቁርጠኝነት ብቻውን አይበቃም።

ለምን በቀላሉ እንደተወሰደባቸው ብዙ አስቤበታለሁ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 (እ.ኤ.አ. 1997) አንቀጽ 7 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መጠየቅ የለባቸውም፤ የተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ውስን ናቸው። ትክክለኛ መርሕ ነው፤ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ሆኖም ገንዘቡ ከቀጣሪው በኩል ብቻ ሲመጣ፣ ቀጣሪው ሲቆጣ ስልክ ይጮኻል፤ ሥራ ፈላጊው ሲረሳ ግን ቢሮው ጸጥ ይላል። ለሥራ ፈላጊው ብላችሁ የያዛችሁት ዕቅድ ካለ በራሳችሁ ካልጠበቃችሁት ሌላ ጠባቂ የለውም።

ዕቅድ አታውጡ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የዛሬ ወጣቶች በአዲስ ዓመት ማቀድን እንደ ልጅነት የመቁጠር ነገር አይባችኋለሁ፤ አልወደውም። ጆን ኖርክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለአዲሱ ዓመት ቃል ከገቡት ሰዎች 46 በመቶው ከስድስት ወር በኋላም ጸንተው ተገኝተዋል። መለወጥ እየፈለጉ ቃል ካልገቡት ውስጥ ግን የተሳካላቸው 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት ብሎ መቁረጥም ደጋፊ አለው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚሠሩት አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ግቡን ብቻ ከያዙት ይልቅ እንደሚሳካላቸው በተደጋጋሚ አሳይቷል። እሳቸው ይህን ሁሉ ሳያነቡ ነበር የሚያውቁት።

አንድ ሳምንት ቢያመልጣችሁም አትደንግጡ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ባሳተሙት ጥናት አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ የሰው ከሰው ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አይተዋል። የእሳቸው ሐሙስ አንዴ ሄዶ አልተመለሰም ብያችሁ እንዲህ ማለቴ የሚጣረስ ይመስላችሁ ይሆናል። እናንተ ያመለጣችሁን ሰዓት በሚቀጥለው ሳምንት ታገኙታላችሁ፤ ሌላ ሰው የወሰደውን ግን ጠይቃችሁ ካላስመለሳችሁ አታገኙትም።

ጀማሪ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ዓመት የቅጥር ቁጥር ግብ አድርጋችሁ አትያዙ። የሚቀጥረው ደንበኛው ነው፤ ውሳኔው በእጃችሁ አይደለም። ይልቅ አንድ ዘርፍ ምረጡና በዚያ ውስጥ ያሉትን የሥራ መደቦች ጠንቅቃችሁ እወቁ፤ ኤሌክትሪሻን ስትመዘግቡ የቤት ውስጥ ዝርጋታ የሚሠራውን ከፋብሪካ ማሽን ጠጋኙ መለየት እስክትችሉ ድረስ። ቁጥር ግን ቁጠሩ። ከላካችኋቸው ሲቪዎች ስንቱ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ፣ ከተቀጠሩት ስንቱ የምትክ ዋስትናው ጊዜ (የለቀቀውን ያለ ክፍያ ለመተካት ለደንበኛው ቃል የተገባበት ጊዜ) ሳያልቅ ለቀቀ፤ ይህን በየወሩ ጻፉ። በጥድፊያ ያስቀጠራችሁት ሰው ከለቀቀ ምትኩን ያለ ክፍያ ትፈልጋላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራችሁት ሥራ ያኔ ሁለት ጊዜ ይሠራል።

መደወል ትፈራላችሁ። ይህን ስላችሁ ቅር እንዳይላችሁ። ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሄድ «ስላመለከቱ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት መልስ አይደለም፤ ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ የደረሰ ሰው ድምፅ መስማት ይገባዋል። በሥራ ገበታው ላይ ያለ ሰው ግን አለቃው አጠገቡ ቆሞ ስልክ ማንሣት አይችልም፤ ለእሱ አጭር መልእክት ይሻለዋል። በዚህ እናንተ ከእኛ ትበልጣላችሁ፤ እኛ ሳናስብ ደውለን ስንቱን አስጨንቀናል።

የመደባችሁትን ሰዓት ከጎናችሁ ለተቀመጠ አንድ ባልደረባ ንገሩት፤ የእሱንም ጠይቁት። እናንተ በሌላችሁበት ሐሙስ እሱ ይደውል፣ በእሱ ቀን እናንተ። የዚያች ሴት ዕቅድ የጎደለው ይህ ብቻ ነበር፤ ሁላችንም እናከብራቸው ነበር፣ ሐሙስን አብሯቸው የያዘ ግን አልነበረም።

ከመካከላችሁ ቀድማችሁ ኃላፊ የምትሆኑ አላችሁ። ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ ከሠራተኛችሁ ዕቅድ ላይ ሰዓት መውሰዳችሁ አይቀርም። ስትወስዱ የምትመልሱበትን ቀን በጽሑፍ ስጡት፤ ቀኑ ሲደርስ እሱ እስኪጠይቅ አትጠብቁ። መልስ ሳያገኙ የቆዩትንም ሥራ ፈላጊዎች ስም ተቀብላችሁ በዚያው ቀን ለሚደውልላቸው ሰው አስረክቡ።