የጠመንጃ አፈሙዝ በቤት መቀየር፦ ጥያቄና መልስ

በእጅ እየተቀባበለ የሚተኩስ ጠመንጃ አፈሙዝ ስለመቀየር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን ቱቦውን በሙሉ ነው። መዝጊያ የምለው እየጎተትን የምናቀባብልበትን ብረት ነው። መዝጊያ ቤት ደግሞ እሱ የሚመላለስበት አካል።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር እውነት ቤት ውስጥ ይሠራል? ወይስ ቶርኖ ያለው ባለሙያ ግድ ነው?

መልስ፦ እንደ ጠመንጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሳቬጅ 110 አፈሙዙን የሚያጠብቀው ዳዶ ነው። ዳዶውን አላልተህ አፈሙዙን ወደፊትና ወደኋላ እያዞርክ ልኩን ታመጣለህ። ለቤት ሥራ ይሄ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጣው ሬሚንግተን 700 ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ዳዶ የለውም። አፈሙዙ ወጣ ያለ የራሱ ትከሻ አለው፤ እሱ መዝጊያ ቤቱ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ አለቀ። ልኩ የሚመጣው በቶርኖ ነው። ማውዘር 98ም ያው ነው። ዛሬ ለሬሚንግተንም ባለ ዳዶ አፈሙዝ የሚሠሩ ስላሉ ቶርኖ ከሌለህ እሱን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው «ክፍተቱን ለካ» ይላል። ምኑን ነው የምለካው?

መልስ፦ የሥራው ልብ ይሄ ነው። መፍታትና ማሰር ጉልበት ነው፣ ማንም ይችለዋል።

ጥይት አፈሙዙ ውስጥ ሲገባ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። እንደ 308 ዊንቸስተር ያለው ጥይት የሚያርፈው በቀለሁ (በቅርፊቱ) ትከሻ፣ ማለትም መጥበብ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ከንፈር ያለው ጥይት በከንፈሩ ያርፋል። ከዚያ ማረፊያ እስከ መዝጊያው ፊት ያለው ርቀት ነው የሚለካው። ካጠረ መዝጊያው አይዘጋም፤ እሱስ ደግ ነው፣ ቶሎ ታውቀዋለህ። ከረዘመ ግን መዝጊያው ምንም እንዳልሆነ ይዘጋል፣ ጠመንጃውም ይተኩሳል። ቀለሁ ክፍተቱን ለመሙላት ይለጠጣል፤ ከታች በኩል ሊበጠስም ይችላል። ያኔ የጋለው ጋዝ ወደ ፊትህ ይመጣል።

መለኪያዎቹ በጥይት ቅርጽ የተሠሩ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ እኔ «ይዘጋል» እና «አይዘጋም» እላቸዋለሁ። ለ308 የመጀመሪያው 41.40፣ ሁለተኛው 41.50 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ልዩነታቸው የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ! «ይዘጋል»ን አስገብተህ መዝጊያውን ዝጋ። አፈሙዙን መለኪያውን እስኪነካ በእጅህ አዙር። ዳዶውን አጥብቅ። ከዚያ እንደገና ሞክር፣ ዳዶ ሲጠብቅ ልኩን ሊያንሸራትት ይችላል። በአንደኛው መዝጋት፣ በሁለተኛው እምቢ ማለት አለበት።

ጥያቄ፦ በመለኪያ ፈንታ አዲስ ጥይት ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። የፋብሪካ ጥይት ርዝመቱ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም ከመለኪያው ያጥራል። ደግሞ ቤት ውስጥ በተፈታ ጠመንጃ እውነተኛ ጥይት ምን ይሠራል? ሥራው ባለበት ክፍል ጥይት አይኑር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ተሳስተው ያውቃሉ?

መልስ፦ እንዴታ! የመጀመሪያዬን ስለካ ቀለህ አስፈንጣሪውን ከነስፕሪንጉ ከመዝጊያው ላይ አላወጣሁም። «አይዘጋም»ን አስገባሁ፣ መዝጊያው ከበደኝ። ልክ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ያስከበደኝ ስፕሪንጉ ነበር። ተኩሼ ቀለሁን ሳይ ከታች በኩል ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ መስመር አወጣ። ጫፏን ያጠፍኳትን ቀጭን ሽቦ ወደ ቀለሁ ውስጥ ብሰድ በውስጥ ግድግዳው ያለ ጎድጓዳ ይዟት ቀረ። ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ መዝጊያውን ሙልጭ አድርጌ ሳልፈታ አልለካም፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌውም፣ አስፈንጣሪውም ይወጣሉ። እጀታውንም በሁለት ጣት ብቻ ነው የምገፋው። በኃይል ከተገፋ መለኪያውም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ አሮጌው አፈሙዝ አልፈታ አለኝ። ሞርሳ ላይ አስሬ በቧንቧ ኪያቤ ባዞረውስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! መዝጊያ ቤቱ ከተጣመመ ጠመንጃው አበቃለት። አፈሙዙ የሚታሰረው ለሱ በተሠራ ሞርሳ ነው። መዝጊያ ቤቱንም ለዚያው ጠመንጃ በተሠራ ቁልፍ፣ ከፊት ቀለበቱ ላይ ያዝ። ዝገት የሚያላላ ዘይት ጨምረህ አሳድረው። በነጋታው ፊሌቱ (አፈሙዙ የሚጠመዘዝበት ጥርስ) አካባቢ ሞቅ አድርገው። ሞቅ ነው ያልኩት፤ በእሳት ብረቱን ማቅላት ጥንካሬውን ይገድላል። አዲሱን ስትገጥም ፊሌቱን አጽዳና ትንሽ ግሪስ ቀባ።

ጥያቄ፦ አጋጣሚውን ተጠቅሜ የጥይቱን ዓይነት ብቀይርስ?

መልስ፦ የመዝጊያውን ፊት እይ። 308 እና 243 የቀለህ ግርጌያቸው አንድ ነው፣ 12 ሚሊሜትር። ርዝመታቸውም ስለሚቀራረብ አፈሙዙ ብቻ ይበቃል። 223 ግን 9.6 ገደማ ስለሆነ መዝጊያውም ካዝናውም ሊቀየር ነው። የጥይቱ ስም አዲሱ አፈሙዝ ላይ በግልጽ ይቀረጽ። አንተ ታስታውሰዋለህ፤ ነገ የሚይዘው ሰው ግን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ሳትገዛ ጠይቅ። በአውሮፓ ኅብረት አፈሙዝ ብቻውን እንደ ዋና አካል ይቆጠራል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን መሣሪያ የሚባለው መዝጊያ ቤቱ ነው። ያንተ አገር የራሱ ሕግ አለው።

ጥያቄ፦ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር እንደተስተካከለ ይቆያል?

መልስ፦ አይቆይም። ከቅርብ ርቀት ጀምረህ እንደገና አስተካክል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች አንድ በአንድ ተኩስ። የዓይን መከላከያህን አድርግ፤ እያንዳንዱንም ቀለህ አንስተህ ግርጌውን እይ።