ቅቤውም ይቅር ጃኬቱም ይቅር፦ ጀርመን ለምትገቡ የድሬና የሐረር ልጆች

ሰላም ናችሁ አቦ! ነሐሴ ሲመጣ ሁሌ እንደዚህ ነው፣ ቪዛ የደረሰው ሁሉ ጥያቄ ይልካል። የዚህ ሳምንቶቹ ባብዛኛው ጀርመን ለማስተርስ የሚሄዱ ናቸው፣ እኔም እዛ ስለተማርኩ የቀመስኩትን ልንገራችሁ። ድሬ ቁጭ ብዬ ላቤ እየተንጠባጠበ ስለ በረዶ ስጽፍ ይታያችሁ።

"እናቴ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጃኬት እያለች 2 ሻንጣ ሞልታለች። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት?" (ከሐረር ጀጎል)

የኔ እህት በርበሬውና ሽሮው ይሂዱ፣ ብቻ ሁለት ሶስት ፌስታል ይደረብላቸው፣ የኔ ሻንጣ ውስጥ ፈንድቶ ያለኝ አንድ ሱፍ እስክመረቅ ድረስ በርበሬ በርበሬ ሲሸት ነው የኖረው። ቋንጣና ቅቤ ግን አይሆንም። የአውሮፓ ህብረት የከብት በሽታ እንዳይገባበት ሲል ከውጭ የሚመጣ ስጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ አያስገባም፣ ለራሴ ነው ብትዪም ሰሚ የለም። እናትሽን፣ ቅቤው ኤርፖርት ላይ ቆሻሻ ውስጥ ከሚጣል እዚሁ ዶሮ ይሰራበትና ሸኙኝ በያት፣ እምቢ አትልም። ጃኬቱንም ተዪው። ታይዋን ተራ የሚሸጠው ለቁልቢ ሌሊት ይበቃል እንጂ ለጥር የጀርመን ብርድ አይሆንም፣ እዛው ሰልቫጅ ሱቅ ገብተሽ ትገዣለሽ።

አንዱ ደግሞ "ጫትስ?" ብሎኛል። ወንድሜ ጀርመን ውስጥ ጫቱ ውስጥ ያለው የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ እንደ ሌላው ዕፅ ነው የተከለከለው፣ እንግሊዝም በፈረንጆቹ 2014 ከልክላለች። ክላስ ሳትጀምር ፖሊስ ጋ ፋይል እንዲከፈትብህ ነው? በርጫው እዚሁ ይቅር።

"ክላስ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ነው አሉኝ። በቀሪው እየሰራሁ ለቤት ብር ብልክስ?" (ከድሬዳዋ ከዚራ)

ይሄ ጥያቄ ነው ልጆቻችንን የሚበላቸው፣ እና ትንሽ ልቆይበት። 3 ቀን የተባለው ሌክቸሩ ብቻ ነው። እዛ አንድ ክሬዲት 30 ሰዓት ስራ ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ በሴሚስተር 30 ክሬዲት ስትወስድ 900 ሰዓት ይሆናል፣ አብዛኛውን ደግሞ ላይብረሪ ውስጥ ብቻህን ነው የምትጨርሰው። አስተማሪ አይጠራህም፣ አቴንዳንስ ብዙ ቦታ የለም፣ ለፈተና ራሱ ራስህ ኦንላይን ካልተመዘገብክ ሌክቸር አንድም ቀን ሳትቀር እንኳን አትፈተንም። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድን ፈተና 3 ጊዜ ከወደቅክ ከፕሮግራሙ ትወጣለህ። መስራት ትችላለህ፣ ህጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይ 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል፣ ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ተንፍስበት።

ብሩ ላይ ደግሞ ቤተሰብ ቀድሞ ይወቅ። ለቪዛ ብለህ ብሎክድ አካውንት ያስገባኸው 11,904 ዩሮ በወር 992 እየተደረገ ነው የሚለቀቅልህ፣ ያውም የራስህ ብር ነው። እዚህ ያለ ዘመድ ግን "ልጁ በወር ወደ 1,000 ዩሮ ይከፈለዋል" ነው የሚለው። የኔ አጎት እንደዛ ሰምቶ ለባጃጅ መግዣ ላክ ብሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈናል። ከዛች ብር ላይ ኪራይና የጤና ኢንሹራንስ ስትቀንስ የቀረችህ ምግብ ናት በቃ፣ ሳትሄድ በፊት አስቀምጠህ ቁጭ ብለህ አስረዳቸው።

"ሰርኔም ምን ብዬ ልሙላ? የአባቴን ነው የአያቴን?" (ከሳቢያን)

ፓስፖርትህ ላይ ያለውን ብቻ፣ ፊደሉ ሳይቀየር። የልደት ቀንም ዲግሪህ ላይ በኢትዮጵያ፣ ፓስፖርትህ ላይ በፈረንጅ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክለው። በአባትህ ስም መጠራት ደግሞ ትለምደዋለህ፣ እኔን ባንክ ቤት በአባቴ ስም ሲጠሩኝ ዞር ብዬ አባቴን ፈልጌያለሁ።

"የወንድሜ ውጤት 4.0 መጣ፣ ድግስ እናድርግ?" (እህቱ)

ቆይ ቆይ! እዛ ትልቁ 1.0 ነው፣ 4.0 ማለት ለጥቂት አለፈ ማለት ነው። ሙሸበክ ግዙና በዛው ይለፍ።

"ዶርም ከገባሁ 4 ወር ሆነኝ፣ ኮሪደር ላይ ማንም ሰላም አይለኝም። ዘረኞች ናቸው?" (ከሐረር ሸዋ በር ሄዶ እዛው ያለ)

አንዳንዱ ይሆናል፣ የለም አልልህም፣ ከገጠመህም ዝም አትበል። ሰላም አለማለት ብቻውን ግን ምልክት አይሆንም። እኛ ጋ ሁለት ቀን ድምፅህ ካልተሰማ ጎረቤት "ወሪያ፣ ምን ሆነህ ነው?" ብሎ በር ይደበድባል። እዛ ግን ዝም ያለ ሰው ሰላም ይፈልጋል ተብሎ ይተዋል፣ ከማታ 4 ሰዓት በኋላማ ሙዚቃህም አይሰማ ነው። ስለዚህ ሰው እስኪመጣ ከጠበቅክ እስክትመረቅ ትጠብቃለህ፣ ማንኳኳት ያለብህ አንተ ነህ።

እኔ እንኳን ያንኳኳሁት በጭስ ነው። ህዳር ነው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይመሻል፣ ሆድ ብሶኝ ክፍሌ ውስጥ ቡና መቁላት ጀመርኩ፣ ዕጣንም ጣል አደረግኩ። ቡናው ጠቆር ብሎ ዘይቱ ብቅ ማለት ሲጀምር ኮርኒሱ ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር ጮኸች፣ ከዛ ህንፃው በሙሉ ጮኸ፣ እሳት አደጋ መጣ፣ 60 የምንሆን ተማሪዎች በካልሲና በፒጃማ ግቢው ውስጥ ቆመን ተንቀጠቀጥን፣ ሂሳቡም በኋላ እኔ ላይ መጣ። የግድግዳ ጎረቤቴ፣ አንድ ቀን ሰላም ብሎኝ የማያውቀው፣ ምን አቃጥለህ ነው አለኝ። ቡና ስለው "ተረፈ?" አለኝ። ቅዳሜ የራሱን ኩባያ ይዞ መጣ።

አንተ ግን የተቆላ ከቤት አስልክ። ረከቦት አትሸከም፣ ሲኒ ብቻ፣ እያንዳንዱን ካልሲ ውስጥ አስገብተህ።