መልስ፦ ዓሣው ባሕር ውስጥ እንደነበረ በምን ይታወቃል?

ወንድሜ፣ «ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ መግባቱን ማንም ሳያየው እንዴት ያውቁታል?» ብለሃል። መልሱ ጆሮው ውስጥ ነው።

ደሴ የሐይቅ ቆሮሶ ስትገዛ ጭንቅላቱን አትጣለው። ቀቅለህ ከአንጎሉ ሥር ቀስ ብለህ ብትፈልግ ሁለት ነጫጭ የጆሮ ድንጋዮች ታገኛለህ። የምስር ክክ ነው የሚመስሉት። በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት እየደረቡ ያድጋሉ፤ በልጅነቱ በየቀኑ አንድ ቀለበት። አንዴ የተደረበው አይለወጥም።

እያንዳንዱ ቀለበት ዓሣው ያኔ ከነበረበት ውሃ ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር ይይዛል። ከካልሲየም ጋር ሲነጻጸር፣ የባሕር ውሃ ስትሮንቲየም አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝ ይበልጣል። ስለዚህ ድንጋዩን ሞርደው ከመሃል እስከ ጠርዝ በሌዘር ይለኩታል።

ሳልሞንን ውሰድ። ወንዝ ይወለዳል፣ ባሕር ያድጋል። ልኬቱ መጀመሪያ ዝቅ፣ ኋላ ከፍ ይላል። የድንጋዩ እምብርት ላይ ግን ከፍ ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ እናቱ ከባሕር ይዛ የመጣችው አስኳል ነዋ! ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

በኮምቦልቻ የሚያልፈው የኛ ቦርከና ወንዝ ግን አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከኮምቦልቻ ዓሣ ላይ የባሕር ምልክት አትጠብቅ።